ካሴቱን ይዛችሁ ውጡ፦ ከአንቲክ ሞል ቴፕ ገዝቶ የድሮ ድምፅ ማዳን፣ ደረጃ በደረጃ

አሜሪካ ውስጥ የድሮ ቴፕ ለመግዛት ወደ አንቲክ ሞል የሚሄድ ሰው ከኪስ ቦርሳው በፊት ካሴት ይያዝ። ሳይዝ የሄደ ሰው መደርደሪያ ላይ አምሮ የሚቀመጥ፣ ግን የማይሠራ ዕቃ ተሸክሞ ይመለሳል።

ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድርያ፣ ብዙ የሐበሻ ቤት ቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ የማይጣል፣ ግን ደግሞ የማይደመጥ ካሴት አለ። ከፊሉ ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ነው፤ አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ሱፐርሶኒክ፣ ካይፋ የሚል ጽሑፍ አለበት። ከፊሉ ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በድምፅ የተላከ ደብዳቤ አለ፦ ስልክ እንደልብ ባልነበረበት ጊዜ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆች ቴፕ ፊት ተቀምጠው ከዘመድ ጤና እስከ ላሟ መውለድ ያለውን ሁሉ የተናገሩበት፣ በመንገደኛ እጅ ባሕር የተሻገረ ካሴት። ቴፕ በሚሊዮኖች የተመረተ ዕቃ ነው፤ ያ ካሴት ግን ቅጂ የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የምትገዙት ማሽን ያንን ካሴት ሳይበላ ዳር ያደርሰዋል ወይ?

ደረጃ 1፦ ከመውጣታችሁ በፊት ካርቶኑን ዘርግፉ

ካሴቶቹን ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ ለሁለት ክፈሉ፦ ሌላ ቦታ ሊገኝ የሚችልና የማይችል። የታወቀ ዘፋኝ አልበም ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የአክስታችሁ ድምፅ ግን የትም አይገኝም። ቢሆንም የዘፈኑን ክምር ለመጣል አትቸኩሉ። ሸክላ ማሳተም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ ቆሞ ካሴት ሲተካው፣ ከዚያ ወዲህ የወጣው ሙዚቃችን ለረጅም ጊዜ የኖረው ካሴት ላይ ብቻ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ብቻውን፣ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የቀዳው ካሴት ተረስቶ ኖሮ፣ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አግኝቶት በ2013 (እ.ኤ.አ.) እንደገና ታተመ። ሙዚቀኛው ያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር።

መለያው ላይ የተጻፈውን ዓመት ስታነቡ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችሁን አስጠንቅቁ። «78» የሚለው 1978 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1985 ወይም 1986 ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ የአያቱን ድምፅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አስረጅቶ ይመዘግበዋል።

ከዚያ እያንዳንዱን ካሴት ብርሃን ላይ ያዙት። ክሩ ላይ ነጭ አቧራ መሳይ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ለብቻው በፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጡት፣ የትኛውም ማሽን ውስጥ አታስገቡት፤ የባለሙያ ሥራ ነው። መሐል ላይ፣ ክሩን ከሄዱ፣ ማለትም ድምፁን ከሚያነበው የማሽኑ ብረት፣ ጋር የሚያጣብቀው ትንሹ ስፖንጅ መኖሩንም እዩ፤ ሙጫው ደርቆ ስለሚረግፍ ብዙ ካሴት ላይ የለም። ርዝመቱንም ልብ በሉ፦ ሲ-60 በየፊቱ 30 ደቂቃ፣ ሲ-90 በየፊቱ 45 ደቂቃ ነው። ሲ-120 ከሆነ ክሩ በጣም ስስ ስለሆነ የመጨረሻ ተራ ስጡት፤ ለመጠቅለልም ለመበጠስም የሚቀድመው እሱ ነው።

አሁን የመሞከሪያ ካሴት ምረጡ። ቢበላ የማታዝኑበት፣ ሙዚቃ ያለበት ይሁን። እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚሆን ምክር አለ፦ ዘፈን አትምረጡ። የእኛ ዘፋኞች ድምፃቸውን እያንቀጠቀጡና እያዞሩ ስለሚያንቆረቁሩ የማሽኑ መንቀጥቀጥ እዚያ ውስጥ ይደበቃል። በመሣሪያ ብቻ የተቀዳ፣ ድምፁ ረዘም ብሎ የሚቆይ፣ ዋሽንት ወይም አኮርዲዮን ያለበት ያዙ። ቀጥ ብሎ መቆየት ያለበት ድምፅ ሲወላገድ ወዲያው ይሰማችኋል።

ከካሴቱ ጋር የጆሮ ማዳመጫ፣ መካከለኛና ትንሽ ባትሪ ድንጋይ፣ ጥቂት የጥጥ እንጨት ያዙ። ለብርሃን ስልካችሁ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ የገበያውን ጠባይ እወቁ

አንቲክ ሞል የሱቆች ጥርቅም ነው። ብዙ ጊዜ የቀድሞ ፋብሪካ ወይም መጋዘን ይሆናል፤ ውስጡ በጠባብ ክፍል ተሸንሽኖ ለነጋዴዎች ይከራያል። ነጋዴው ዕቃውን ደርድሮ፣ ዋጋውንና የራሱን መለያ ቁጥር የያዘ ወረቀት አንጠልጥሎ ይሄዳል። ገንዘቡን የሚቀበለው በር ላይ ያለው ካሸር ነው። መርካቶን የለመደ ሰው እዚህ ግራ ይጋባል፤ የሚከራከረው ሰው የለም። እዚያ ምናለሽ ተራ ቢሆን ቴፑን የሚሸጥላችሁ ሰው ራሱ የጠገነው ሊሆን ይችላል፤ ካቻቪቴ አንስቶ ሆዱን ከፍቶ ያሳያችኋል። አንቲክ ሞል ውስጥ ግን ስለዚያ ዕቃ የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያ የለም። ለዚህ ነው መሞከሪያው ሁሉ በእናንተ እጅ መሆን ያለበት።

ከዋሽንግተን አካባቢ ለሚነሳ ሰው ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ ቅርብ ነው። ራቅ ብሎ ፔንሲልቬንያ ውስጥ አዳምስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ራሷን የአሜሪካ የአንቲክ ዋና ከተማ ብላ የምትጠራ፣ አውራ መንገዷ ግራና ቀኝ በእንዲህ ዓይነት ገበያ የተሞላ። እሑድ ሰው ይበዛባታል፤ ከቅዳሴ በኋላ ከተነሣችሁ መምሸቱ አይቀርምና ሌላ ቀን ሂዱ።

በነገራችን ላይ፣ በአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ አንቲክ የሚባለው 100 ዓመት ያለፈው ዕቃ ነው። የካሴት ቴክኖሎጂን ፊሊፕስ በርሊን ላይ ለሕዝብ ያሳየው በ1963 (እ.ኤ.አ.) ነውና በዚህ መለኪያ አንቲክ የሆነ የካሴት ማጫወቻ ዓለም ላይ የለም። «አንቲክ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋጋ አያስጨምርም።

ደረጃ 3፦ ናፍቆቱን መጀመሪያ አውጡት

የመጀመሪያውን ዙር እጃችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ዙሩ። ምንም አትግዙ። ናፍቆት ጊዜ ካልተሰጠው ገንዘብ ይጠይቃል።

ጣት አስገብተው የሚያዞሩት ስልክ ታገኛላችሁ። ከ1949 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዌስተርን ኤሌክትሪክ የተሠራው 500 የሚባለው ሞዴል ከሆነ ክብደቱ ይገርማችኋል። አሜሪካዊው ያንን ስልክ ለረጅም ዘመን አልገዛውም፤ ከስልክ ኩባንያው በወር ይከራየው ነበር። ቢበላሽ የሚጠግነው ኩባንያው ስለሆነ እንዳይበላሽ አድርጎ ሠራው። ዛሬ ግን በኢንተርኔት የሚሠራው አብዛኛው የቤት ስልክ መስመር የዚያን መዘውር ቋንቋ አይሰማም፤ ልትደውሉበት ካሰባችሁ አትልፉ።

የሲንጀር ስፌት መኪና አይታችሁ ፈገግ ትላላችሁ። እዚህ ማሽኑ ተነቅሎ የብረት እግሩ ላይ ሰሌዳ ተደርጎ የቡና ጠረጴዛ ሆኖ ይሸጣል። አገር ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ዛሬም በዚያው መኪና፣ በዚያው ፔዳል፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እያጠበበ እንጀራውን ይበላበታል። አጠገቡ የከሰል ካውያ በመስተዋት ሣጥን ተቆልፎበት ብታዩ አትደነቁ።

ትልልቅ ቴሌቪዥኖችን እዩና እለፉ። አሜሪካ የቆየውን የአናሎግ ሥርጭት ሰኔ 2009 (እ.ኤ.አ.) ስለዘጋች ያለ ተጨማሪ ዕቃ ምንም አይቀበሉም፤ ሆዳቸው ውስጥም ከሶኬት ተነቅለውም ቢሆን ሊያዝ የሚችል ከ20,000 ቮልት በላይ ኃይል አለ። ሸፋኑን ለመክፈት የሚያሰኘው ሰው ካለ ከነሱ ይራቅ። ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ቁጥር ያላቸው በጣም የቆዩ ሰዓቶችም ራዲየም የተቀቡ ሊሆኑ ስለሚችሉ አይከፈቱ፣ ለልጅም አይሰጡ።

የጽሕፈት መኪና ክፍል ውስጥ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። የላቲኑ ሞልቷል፤ ኦሊቬቲም ሬሚንግተንም። ቁልፎቹ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለበት ካያችሁ ግን ይህ ጽሑፍ ያስጠነቀቃችሁን ሁሉ ለጊዜው ረስታችሁ ግዙት። ኢንጂነር አያና ብሩ ስማቸው የሚነሣበት፣ ፊደላችንን በጥቂት ቁልፍ ቆራርጦ እየገጣጠመ የመጻፍ ብልሃት እዚያ ብረት ላይ ተቀርጾ አለ፤ ነጋዴው ግን «የአረብኛ» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል።

ከዚያ ናፍቆቱ የማን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሸጠው አታሪ 2600 አጠገባችሁ የቆመውን አሜሪካዊ ዓይኑን በእንባ ይሞላው ይሆናል፤ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላደገ ሰው ግን የሰው ትዝታ ነው። የእኛ ሌላ ነው፦ ቡፌ ላይ ተቀምጦ ዳንቴል የለበሰ፣ አባት ካልሆነ ማንም የማይነካው ናሽናል ቴፕ።

እሱን እዚህ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ ይጠቅማችኋል። ማትሱሺታ የተባለው የጃፓን ድርጅት ዕቃውን በብዙ አገር ናሽናል እያለ ሲሸጥ፣ አሜሪካ ውስጥ ስሙን ሌላ ድርጅት ቀድሞ ስላስመዘገበው ፓናሶኒክ በሚል ስም ነበር የሚያቀርበው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ድርጅቱ ራሱ ስሙን ፓናሶኒክ አለው። የቤታችሁን ናሽናል ወንድም የምትሹ ከሆነ ፓናሶኒክ የሚለውን ጽሑፍ ተከተሉ፤ ቁልፉ፣ እጀታው፣ የድምፅ ማጉያው ወንፊት ሁሉ ወዲያው ይታወቃችኋል።

ደረጃ 4፦ የምትፈልጉትን ዓይነት ወስኑ

ለድምፅ ደብዳቤ የሚሻለው በጣም የሚናቀው ነው። ጫማ ሣጥን የሚያክል፣ ጋደም ብሎ የሚቀመጥ፣ ከፊቱ ስድስት ያህል ወፍራም ቁልፍ የተደረደረበት፣ አንድ ማጉያ ያለው መቅረጫ ቴፕ። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች የተቀዱት በእንዲህ ያለው ማሽን ስለሆነ ድምፁን ለማውጣትም ይበቃል። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ይጠገናል። ውበት ስለሌለው ደግሞ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው።

ብዙ የሙዚቃ ካሴት ያለው ሰው ከአምፕሊፋየር ጋር የሚቀጠለውን ካሴት ዴክ ይፈልግ፤ ስቴሪዮ ነው፣ ፍጥነቱም የተረጋጋ ነው። ባለ ሁለት ካሴት አያስፈልጋችሁም፤ ከካሴት ወደ ካሴት መገልበጥ ዛሬ ምንም አይረባም፣ ሊበላሽ የሚችለው ነገር ግን እጥፍ ነው።

ሁለት ማጉያ ያለው ትልቁ ተሸካሚ ቴፕ ዋጋው የተሰቀለው ለጌጥ ስለሚፈለግ ነው። ሶኒ በሐምሌ 1979 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ዎክማንና ተከታዮቹም እንዲሁ፤ የምትከፍሉት ለስሙ ነው፣ ውስጡ ጠባብ ስለሆነም ለጀማሪ እጅ አይመችም።

ዕቃውን ወደ አገር ቤት የመላክ ሐሳብ ካላችሁ ጀርባውን አንብቡ። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ቮልት መቀየሪያ ከሌለው ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ ካልሆነ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። የሸክላ ማጫወቻ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ፍጥነታቸውን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስዱ የድሮ ሞተሮች አዲስ አበባ ላይ ከሚገባው ፍጥነት በ83 በመቶ ብቻ ይሽከረከራሉ። ትራንስፎርመር ይህን አያስተካክልም፤ ጥላሁን ገሠሠም እንደ ሰከረ ሰው ይጎተታል። በባትሪ የሚሠራ ካሴት ቴፕ ይህ ችግር የለበትም።

ደረጃ 5፦ እዚያው ፈትኑት

በመጀመሪያ የባትሪ ቤቱን ክፈቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ባትሪ ፈሶበታል። ትንሽ ከሆነ ይጸዳል፤ ሽቦው ተበልቶ ከሆነ ተዉት። ቀጥሎ የካሴት በሩን ከፍታችሁ በስልክ መብራት ውስጡን እዩ፦ ሄዱ የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት፤ ክሩን የምትጎትተው ጥቁር ጎማ የተሰነጠቀች ወይም ጎን ለጎን የተበላች መሆን የለባትም።

ከዚያ ባትሪ አስገቡ ወይም ሶኬት ያለበትን ቦታ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በር አካባቢ ለዚህ የሚሆን አለ። ያለ ካሴት ፕሌይ ተጫኑ። ሞተሩ እያጉረመረመ ምንም የማይዞር ከሆነ ቺንጋው፣ ማለትም ሞተሩን ከመዘውሩ የሚያገናኘው ላስቲክ፣ ተበጥሷል ወይም ቀልጧል። ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። ቺንጋ ርካሽ ነው፤ «አይሠራም» ተብሎ ዋጋው የወረደ ቴፕ ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው። ሞተሩ ጨርሶ ድምፅ የማያሰማ ከሆነ ግን ለጀማሪ አይመከርም።

የሚዞር ከሆነ የመሞከሪያ ካሴታችሁን አስገቡ። ጥቂት ደቂቃ ስሙ፣ ስቶፕ፣ በሩን ከፍታችሁ ክሩ ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ክሩን የሚጠቀልለው ወገን ደካማ የሆነ ማሽን ካሴት የሚበላው በዚህ ነው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም በፍጥነት አጠንጥኑት፤ መሐል ላይ ከዘገየ ቺንጋው ላልቷል። ያንኑ ሙዚቃ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ብታነጻጽሩ ፍጥነቱን ታውቃላችሁ። ትንሽ ቀጠን ወይም ወፈር ማለቱ አያስደንግጣችሁ፤ ብዙ ሞተሮች ጀርባቸው ላይ በትንሽ ካቻቪቴ የሚስተካከል ቀዳዳ አላቸው። በካቻቪቴ የማይስተካከለው መወላገዱ ነው።

ድምፁ እንደ ታፈነ ከሆነ በጥጥ ሄዱን ጠራርጉትና እንደገና ሞክሩ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ የተገኘው ቆሻሻ እንጂ ብልሽት አይደለም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቀዩን የመቅረጫ ቁልፍ አትንኩ። በደረጃ 1 የለያችሁትን ውድ ካሴትም «እስኪ አንዴ» ብላችሁ እዚህ አታስገቡ።

ደረጃ 6፦ ዋጋ

ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ የነጋዴው ምኞት ነው። ኢቤይ ላይ በእውነት የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ ሞዴሉን ጽፋችሁ እዚያው ቆማችሁ እዩ። «ፈርም» የሚል ከተጻፈበት አትከራከሩ። ካልተጻፈበት ለካሸሯ በትሕትና «ነጋዴው ሊቀንስ ይችል ይሆን?» በሉ፤ ብዙ ቦታ 10 በመቶ ያህል የመቀነስ ሥልጣን አላት ወይም ትደውልለታለች። ግማሽ ዋጋ ብሎ መጀመር እዚህ ድፍረት ይመስላል። ያገኛችሁትን ጉድለት ግን በርጋታ ንገሯት፤ ስሞክረው ክሩን አወጣው ማለት ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። «አዝ ኢዝ» ካለ መመለስ የለም። ሜሪላንድ ከሆነ 6 በመቶ ታክስ እላዩ ላይ ይታሰባል።

ደረጃ 7፦ ቤት ስትደርሱ አጽዱት

ከፋርማሲ 91 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ግዙ፤ 70 በመቶው ውኃ ይበዛበታል። በጥጥ እንጨት እያደረጋችሁ ሄዱን፣ ከአጠገቡ ያለችውን ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ከዚያ ጥቁሯን ጎማ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረጉ። ጎማዋ ላይ አልኮል አታብዙ፣ ያደርቃታል። የባትሪ ቅርፊት ካለ ኮምጣጤ በነካ ጥጥ አንሡት፣ በአልኮል አጥሩት፣ ይድረቅ።

ቺንጋ መቀየር ካስፈለገ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ብሎኖቹ የወጡበትን ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ አንሡ። የቀለጠ ላስቲክ እጅና ልብስ ላይ የማይለቅ ጥቁር ዝፍት ስለሚሆን ጓንት አድርጉ፤ ከመዘውሮቹ ላይ በአልኮል እስከ መጨረሻው ካልተጠረገ አዲሱን ቺንጋ ያንሸራትተዋል። የአሮጌውን መጠን መለካት ካልተቻለ የስፌት ክር መዘውሮቹ ላይ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ለኩና በ5 በመቶ ያህል ጠበብ ያለ እዘዙ።

ደረጃ 8፦ ካሴቱን አሰናዱ

ካሴቱ ጀርባ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ስበሯቸው። ከተሰበሩ በኋላ በስሕተት ቀዩን ብትጫኑ እንኳ ማሽኑ አይቀዳበትም፣ የእናታችሁን ድምፅ አያጠፋም። ከሙዚቃ ቤት የተገዙት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያውኑ የላቸውም፤ ባዶ ካሴት ላይ የተቀዳ ደብዳቤ ግን ሳይሰበርለት ለዓመታት ኖሯል።

ከዚያ ባለ ስድስት ጎን ቢክ እስክሪብቶ አስገብታችሁ ጥቂት ዙር አዙሩ፤ ይህን ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። ክሩ ሳይጣበቅ የሚዞር ከሆነ በማሽኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጠንጥኑት። ለብዙ ዓመት የተኛ ክር እንዲህ ሲላላ ፍጥነቱ ይስተካከላል። ስፖንጁ የረገፈበት ካሴት በአምስት ብሎን የታሰረ ከሆነ ተከፍቶ ከሌላ ርካሽ ካሴት ስፖንጅ ይተካለታል፤ በሙጫ የታሸገ ከሆነ ቅርፊቱን በጥንቃቄ ሰንጥቆ ክሩን ባለ ብሎን ባዶ ቅርፊት ውስጥ ማዛወር ነው። የተበጠሰ ክር ለዚሁ በተሠራ ማጣበቂያ ብቻ ይቀጠል። ተራ ፕላስተር ሙጫው እየወጣ ሄዱን ያበላሻል።

ደረጃ 9፦ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ

ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በሽቦ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። አዳዲስ ላፕቶፖች የድምፅ መግቢያቸው ለማይክሮፎን ብቻ ስለሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ አነስተኛ የድምፅ መቀበያ ግዙ። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይሁን፤ ነጻ ነው። ጮክ ያለው ቦታ ላይ መለኪያው ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አድርጉ፤ ዜሮን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ኋላም አይጠገንም። ዋናውን ቅጂ ዋቭ በሚባለው ዓይነት አስቀምጡ። የ90 ደቂቃ ካሴት 1 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። የክሩን ሹክሹክታ ለማጽዳት አትቸኩሉ፤ ማጽዳት የፈለገ በሌላ ቅጂ ላይ ያጽዳ። ጀርባ ያለው የዶሮ ጩኸትና የጎረቤት ሳል «ጫጫታ» ተብሎ ከተጠረገ የቤቱ ግማሽ አብሮ ይጠረጋል።

አቋራጭ የለውም፤ 90 ደቂቃው 90 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ቀኑን ለይታችሁ በዕድሜ የገፋ ዘመድ ጥሩ፣ ቡና ይፈላ። «ይቺ የማን ድምፅ ናት?» ለሚለው መልስ ያላቸው እነሱ ናቸው፤ የሚሉትን ስልካችሁ ላይ ቅዱ።

ገጠር የተቀዳ ደብዳቤ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል፦ ሰላምታው በደህና ድምፅ ይጀምርና ወደ መጨረሻው ተናጋሪው እየፈጠነ፣ ድምፁ እየቀጠነ፣ ልጅ እየሆነ ይሄዳል። ማሽናችሁን አትጠርጥሩ። ሲቀዳ ድንጋዩ እያለቀ ሄዶ ክሩ እየዘገየ ነበር፤ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት የዘገየው ይፈጥናል። ኦዳሲቲ ውስጥ ፍጥነት መቀየሪያ አለ፤ ቅጂውን አምስት አምስት ደቂቃ እየከፈላችሁ፣ የምታውቁት ድምፅ ተመልሶ እስኪመጣ ዝቅ አድርጉት።

ደረጃ 10፦ ስም ስጡት፣ አካፍሉት፣ አስቀምጡት

የፋይሉ ስም ላይ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውን፣ ዓመቱን ጻፉ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አትተዉ። ዋቩን ሁለት የተለያየ ቦታ አኑሩ፣ አንደኛው ከቤታችሁ ውጪ ይሁን። ለዘመድ በቴሌግራም የሚላከው ኤምፒ3 ይሁን። ከመላካችሁ በፊት ግን እስከ መጨረሻው ስሙት። የድምፅ ደብዳቤ ሐሜትም የመሬት ክርክርም ይይዛል፤ የታሙት ሰዎች ልጆች ዛሬ እዚያው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አሉ።

ካሴቱን አትጣሉት። አንድ ወገን ላይ እስከ ዳር ተጠንጥኖ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ ይራቅ። ቴፑን ስታስቀምጡ ፕሌይ ተጭኖ እንዳይቀር፤ ጎማዋ ላይ ስርጉድ ይወጣና ቀጣዩ ካሴት በየዙሩ ይነጥራል። ባትሪውን አውጡ። አልፎ አልፎ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ አጫውቱት፣ ቺንጋው አንድ ቅርጽ ይዞ እንዳይደርቅ።